በአንድ ቤት ሁለት ሳህን

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ውርጭ ምድጃችሁን ትታችሁ ስለ ድመት ልትሰሙ መምጣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በበግ ነው። በመንዝም ሆነ እዚህ በደብረ ብርሃን ዙሪያ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ክትባት ተሸክሜ ከጋጥ ጋጥ ስዞር ነው። ዛሬ የማወራችሁ ግን በየቤታችን ምድጃ አጠገብ ተጠቅልላ ስለምትተኛው፣ ስትታመም ሐኪም ዘንድ የሚወስዳት ስለሌላት እንስሳ ነው። ከዚያም አንድ ጉዳይ ብቻ መርጫለሁ። ቤታችሁ ውስጥ የታመመች ድመት እያለች ሌላ ድመት ማምጣት ብትፈልጉ ምን ታደርጋላችሁ?

ከበጉ ልነሣ። የመንዝ ገበሬ ከገበያ በግ ገዝቶ ሲመጣ ወዲያው ከመንጋው ጋር አይቀላቅለውም። ለብቻው ያስራል። ዓይኑን ያያል፣ አፍንጫውን ያያል፣ በጠጡን ያያል። ፈንጣጣ ወይም ሳል ይዞ እንደሆነ ጥቂት ቀን ሲቆይ ይታወቃል። ይህን ያስተማርነው እኛ ባለሙያዎች አይደለንም፤ እኛ ስንደርስ ያውቀው ነበር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም የነበረውን ክፉ ቀን አስቡ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች ጋር የገባው የከብት ደስታ በሽታ የአገሩን ከብት አብዛኛውን ጨርሶ፣ በሬ የሌለው ገበሬ በረሃብ አለቀ። ዓለም ያንን በሽታ ከምድር ጠፋ ብሎ ያወጀው በ2003 ዓ.ም ነው። ሳይለዩ መቀላቀል ምን እንደሚያስከፍል እኛ የምናውቀው ከወሬ አይደለም፣ ከአያቶቻችን ነው።

ያው ገበሬ ግን ለአይጥ ብሎ የድመት ግልገል ሲያመጣ ከዘንቢሉ አውጥቶ ምድጃው አጠገብ ይለቀዋል። አሮጊቷ ድመት ከመደብ ላይ ታየዋለች። «ይለማመዳሉ» ይባላል፣ ነገሩ ያበቃል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ባለሙያ ሆኜ፣ በግ ለዩ እያልኩ ሳስተምር የኖርኩ ሰው፣ በእናቴ ቤት ይህንኑ አደረግኩ። የመጣሁት ያንን ልነግራችሁ ነው።

የእናቴ ድመት ዳማ ትባላለች። ያኔ ዕድሜዋ 13 ዓመት ነበር። አንድ ኅዳር ላይ እናቴ ስልክ ደውላ «ልጄ፣ ዳማ ውኃ ጠጪ ሆናለች፤ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሳይቀር ትጠጣለች» አለችኝ። ድመት የበረሃ ዘር ናት፤ ጥማት ያን ያህል አያውቃትም። ሄጄ አንድ ቀን በሙሉ ለካሁ። የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልቼ በሳህኗ እያፈሰስኩ፣ ሲመሽ የቀረውን አየሁ። ወደ 450 ሚሊ ሊትር ጠጥታለች። አንድ ድመት በኪሎዋ ልክ በቀን ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች ጤነኛ አይደለችም። ዳማ ደግሞ በሱቁ ሚዛን ላይ በዘንቢል ብትሰቀል 3 ኪሎ ከ200 ግራም ሆነች። ዱሮ ከ4 ኪሎ በላይ ነበረች። ደሟንና ሽንቷን አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርን፤ ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ክሬአቲኒን የተባለ ቆሻሻ ከፍ ብሏል፣ ሽንቷ እንደ ውኃ ቀጥኗል። ኩላሊቷ ነው።

ስለዚህ በሽታ ትንሽ ልቆይ፤ በሸመገሉ ድመቶች ላይ ከሚበዙት አንዱ ነውና። ኩላሊት ዝም ብሎ ያልቃል። በደም ምርመራ ላይ ክሬአቲኒን ከፍ ብሎ በሚታይበት ጊዜ ከአራት እጁ ሦስቱ ያህል ሥራ አቁሟል። የቀረው አንድ እጅ ሽንቱን ማጠንከር ስለማይችል ውኃው ዝም ብሎ ይፈሳል፤ ድመቷም የፈሰሰውን ለመተካት ትጠጣለች። መጠጣቷ በሽታው አይደለም፣ በሕይወት የሚያቆያት እሱ ነው። «ብዙ ሸናች» ብሎ ውኃ የሚነሣባት ሰው አጋጥሞኛል፤ እባካችሁ ይህን እንዳታደርጉ። እንዲህ ያለች ድመት አንድ ቀን ውኃ ብታጣ፣ የቀረው ኩላሊት በዚያ አንድ ቀን ሊሞት ይችላል። ፈውስ የለውም፤ ነገር ግን ውኃ ያላነሳት፣ አጥንትና ጨው ያልገባበት እርጥብ ምግብ የምትበላ፣ ክብደቷ የሚለካ ድመት ብዙ ጊዜ ዓመታት ትኖራለች። በእነዚህ ዓመታት የቤቱ ሰው የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ማየት። ዛሬ ስንት ጠጣች? በላች? ሸናች? አስታወከች?

ይህን ያዙልኝ። በኋላ የምለው ሁሉ እዚህ ላይ ይቆማል።

ታዲያ ሌላ ድመት ለምን አስፈለገ? አይጥ ነዋ! ዳማ ማደን ካቆመች ወዲህ አይጡ የገብሱን ጎተራ ከሥር ፈለፈለው፣ የባቄላውን ጆንያ ቀደደው። ጎረቤት የአይጥ መርዝ ሲያስቀምጥ እናቴ እንቅልፍ አጣች፤ መርዝ የበላ አይጥ ደክሞ ሲንገዳገድ ለማንም ድመት ቀላል ነው፣ ያንን የበላች ድመትም አብራ ልትሞት ትችላለች። ሌላም ነገር ነበር። እናቴ አፍ አውጥታ አልተናገረችውም እንጂ ዳማ ስትሞት ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ፈርታለች። አባቴ ካረፈ በኋላ በዚያ ቤት ማታ ማታ የሚተነፍሱት ሁለት ብቻ ናቸው።

ጥር ላይ የሦስት ወር ግልገል አመጣሁላት። ዥንጉርጉር ስለሆነ ዛጎል አለችው። ከዘንቢል አወጣሁት፣ ለቀቅኩት፣ አንድ ሳህን አቀረብኩ። ዳማ ጀርባዋን አጉብጣ፣ ጥርሷን አሳይታ እፍ አለችበትና መደብ ላይ ወጣች። በአራተኛው ቀን የግልገሉ ዓይን አነባ፣ አስነጠሰው። በሳምንቱ ዳማም አስነጠሳት፤ አፍንጫዋ ተደፈነ። ድመት ካላሸተተች አትበላም፤ ለእሷ ምግብ ማለት ሽታ ነው። ስደርስ እናቴን «ትበላለች?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሳህኑ ባዶ ነው፣ ልጄ» አለችኝ። «ውኃስ?» «ያልቃል።» «ሽንትስ?» «አሸዋው እርጥብ ነው።»

እናቴ የነገረችኝ ሁሉ እውነት ነበር፣ ስለ ዳማ ግን ምንም አልነገረኝም። የበላው ዛጎል ነው። የጠጣውም እሱ ነው። ዳማን ሳነሣት ቀላለችኝ፤ የአንገቷን ቆዳ ቆንጥጬ ስለቀው ወዲያው አልተመለሰም፣ ድንኳን ሆኖ ቆመ። ከውኃ ማለቅ የተነሣ ነው። ሦስት ቀን በቆዳዋ ሥር ፈሳሽ እየሰጠሁ፣ ምግቧን ለብ አድርጌ በጣቴ ምላሷ ላይ እየቀባሁ አወጣናት።

አዲስ ድመት ቤት ሲገባ ሰው የሚፈራው ጠብን ነው። ጠቡ አለ፣ እመጣበታለሁ። ቤት ውስጥ ታማሚ ካለ ግን ከሁሉ በፊት የምታጡት ዓይናችሁን ነው። ትናንት ባዶ ሳህን ስታዩ «ዳማ በላች» ማለት ነበር። ዛሬ ያው ባዶ ሳህን ምንም ማለት አይደለም። ስኳር ያለባት ድመት ብትሆንስ? በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን የምትወጋ ድመት ሳትበላ ሙሉ መጠኑን ከወጋችኋት የደሟ ስኳር ወርዶ ራሷን ትስታለች። «በልታለች» ብላችሁ የምትወጉት ባዶ ሳህን አይታችሁ ነው። የበላው ግን ሌላው ነው።

ስለዚህ ሁለት ሳህን፣ ሁለት የውኃ ጣሳ፣ ሁለት የአሸዋ ሣጥን፣ ቢቻል ሦስተኛ ሣጥን። ሳህኖቹም ጎን ለጎን አይሁኑ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ጓዳ። ምግብ ቀኑን ሙሉ ተዘርግቶ አይቀመጥም፤ በሰዓቱ ይቀርባል፣ አጠገባቸው ተቁሞ ይታያል፣ ይነሣል። ውኃ ግን አይነሣም። ለአሸዋው አመድ የምትጠቀሙ አላችሁ፤ አመድ ሲረጥብ መዳፍ ያቃጥላል፣ ተዉት። አሸዋ ወይም ሽታ የሌለው ሰጋቱራ ይሻላል።

አሁን በር ዘግቶ ወደ መለየቱ ልሂድ። ዛጎልን ከዳማ ለይተን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን፤ በግ እንደምንለየው። ጓዳውን ለእሱ ሰጠነው። ቢያንስ ሁለት ሳምንት። ለምን ሁለት ሳምንት? የድመት ጉንፋን ከሚያመጡት ዋናው ሄርፒስ የተባለ ቫይረስ ነው፤ ከሰው ከንፈር ቁስል ጋር ዘመድ ነው፣ ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። አንዴ የያዘው ድመት ቢድንም ቫይረሱ በነርቩ ውስጥ ተኝቶ ዕድሜውን ይኖራል። ድመቱ ሲጨነቅ፣ ቤት ሲቀየርበት፣ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይነሣና አንድ ሁለት ሳምንት በምራቁና በአፍንጫው ይወጣል። ጤነኛ መስሎ የመጣ ድመት መጥቶ ሲሰነብት የሚያስነጥሰው ለዚህ ነው። ይህ ነገር ለነባሯም ይሠራል። እንግዳ ያስጨነቃት ዳማ በራሷ ውስጥ የተኛው ሊነሣባት ይችላል። በእኛ ቤት ሁለቱም መንገድ ክፍት ነበር፤ ሁለቱንም የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ከጉንፋኑ የከፋም አለ። ትኩሳት፣ ትውከት፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዟቸው በሁለት በሦስት ቀን የሚያልቁ ግልገሎች አይታችሁ ታውቃላችሁ። ሰው «ተመረዙ» ይላል። ብዙ ጊዜ የነጭ ደም ሴሎችን የሚጨርሰው የድመት ፓርቮ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ ወለል ላይ እስከ ዓመት ይቆያል፤ በሳሙናም በአልኮልም አይሞትም። ቤታችሁ ውስጥ ግልገል እንዲህ ከሞተ ያልተከተበ ድመት አታስገቡ። ወለሉን መጀመሪያ በሳሙና አጥባችሁ፣ ከዚያ 1 እጅ በረኪና በ32 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩበት፣ ከዚያ በውኃ አለቅልቁት። ውኃ ላይ ሲፈስ ነጭ የሚሆነውን ጀርም ገዳይ ግን ድመት ባለበት ቤት አትጠቀሙ፤ መዳፏን ስትልስ ይመርዛታል።

ሁለት ሌሎች ቫይረሶችን በአጭሩ ላንሣ። የድመት ሉኪሚያ ቫይረስ እ.ኤ.አ. በ1964 ግላስጎ ውስጥ ነው የተገኘው፤ በምራቅ ይተላለፋል፣ አንዱ ሌላውን ሲልስና በአንድ ሳህን ሲበሉ። ስለዚህ በፍቅር የሚኖሩ ድመቶች በሽታ ነው ማለት ይቻላል። ሌላው እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ የተገኘው፣ ሰው የድመት ኤድስ የሚለው ነው፤ ይህ በዋናነት የሚተላለፈው በንክሻ ነው፣ ስለዚህ የጠበኛ ወንዶች በሽታ ነው። ሁለቱም ሰውን አይዙም። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ አዲሱን ከማቀላቀላችሁ በፊት አስመርምሩት፤ ምርመራው ነጻ ቢለውም ከ60 ቀን በኋላ ይደገም፣ አዲስ የገባ ቫይረስ ወዲያው አይታይምና። ይህን የሚያህል መንገድ የማትችሉ ደግሞ ወንዱን አኮላሹት፤ የተኮላሸ ድመት መዞሩም መነካከሱም ይቀንሳል።

የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይመጣል። ያላወቃችሁት ድመት ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ ምክር አይጠብቅም።

ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ፅንስን ስለሚጎዳው ቶክሶፕላዝማ ስለሚባለው የድመት ተውሳክ ትጠይቁኛላችሁ። የድመት ዓይነ ምድር ትኩሱ አይጎዳም፤ በሽታ የሚያስይዝ የሚሆነው ከአንድ ቀን በላይ ሲቆይ ነው። በየቀኑ ይነሣ፣ የሚያነሣውም ሌላ ሰው ይሁን። ይኸው በሽታ በጥሬ ሥጋም ይገባል፤ ድመቷን አባርሮ ቁርጥ መብላት ምንም አያድንም።

ወደ ጓዳው በር ልመለስ፤ ማስለመዱ የሚሠራው እዚያ ነውና።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» እንላለን። እኔ ይህን አባባል በጥሬው እወስደዋለሁ። ድመት ብቻዋን የምታድን እንስሳ ናት። መንጋ የላትም፣ አለቃ የላትም፤ ያላት ቦታ ነው። ቦታዋንም በሰውነቷ ሽታ ታጥረዋለች። ጉንጯን በበሩ መቃን፣ በሰው እግር፣ በበርጩማው ላይ ስታሽ ሽታዋን እየቀባች ነው። በግ አዲስ በግ ሲመጣ ይቆጣል፣ ይዋጋል፣ በማግሥቱ አብሮ ይግጣል። ድመት ግን የማይታወቅ ሽታ ቤቷ ሲገባ አጥሯ ፈረሰ። ስለዚህ ከአካሉ በፊት ሽታውን አስገቡ።

እኛ ያደረግነው ይህ ነው። የእናቴን አሮጌ ነጠላ ሁለት ቦታ ቀደድነው። በአንዱ የዛጎልን ጉንጭ አሸት አድርገን ከዳማ ሳህን አጠገብ አኖርነው፤ በሌላው የዳማን አሽተን ለዛጎል ሰጠነው። መጀመሪያ ዳማ ከጨርቁ ራቀች፣ ሳህኗንም ተወች። እናቴ «ይውጣ» አለች። አላወጣነውም፤ አራቅነው። ሁለት ክንድ ያህል። ሲበሉ ጨርቁ ባለበት ቤት ውስጥ ይብሉ፤ የምትፈራው ሽታና የምትወደው ሳንባ በአንድ ሰዓት ይምጡ። በአምስት በስድስት ቀን ጨርቁ ላይ ተኛችበት።

ከዚያ በተዘጋው በር ግራና ቀኝ አበላናቸው፤ መጀመሪያ ሩቅ፣ በየቀኑ አንድ ስንዝር እያቀረብን። ከዚያ በሩን ከፍተን የዶሮ ሽቦ ወጠርንበት፤ ተያዩ። ከዚያ ሽቦውን አንሥተን በቀን አምስት ደቂቃ፣ እኔ ወይም እናቴ ባለንበት። ከእርምጃ ወደ እርምጃ የምንሄደው በቀን ቆጠራ አልነበረም፤ የዳማን ምግብ እያየን ነው። በላች፣ እንቀጥላለን። ተወች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ጤነኛ ድመቶች ቢሆኑ በሁለት በሦስት ሳምንት ያልቅ ይሆናል። የእኛ ሰባት ሳምንት ወሰደ። ታማሚ ያለበት ቤት አይቸኩል።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ጓዳው ቀዝቃዛ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ የጥርን ሌሊት ታውቁታላችሁ። ግልገሉ ዘንድ የከሰል ማንደጃ አስገብተን አልዘጋንበትም፤ የከሰል ጭስ ድመትም ሰውም ይገድላል። በሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን፣ ከላይ የእኛኑ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደረብንለት።

አሁን ስለ ጠቡ። ጩኸትና ቧጨራ ያለበት ጠብ አያሳስበኝም፤ ይሰማል፣ ይታያል፣ ይገላገሉታል። የሚያሳስበኝ ዝም ያለው ነው። አዲሱ ድመት በመተላለፊያው መሐል ይተኛል። ምንም አያደርግም። ዓይኑን ሳይሰብር ያያታል፣ በቃ። አሮጊቷ ወደ ውኃው መሄድ ትፈልጋለች፣ ትነሣለች፣ ታየዋለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። የቤቱ ሰው «ተዋደዱ፣ አብረው ይተኛሉ» ይላል። እሷ ግን ከጧት ጀምራ አልጠጣችም፣ አልሸናችም። ኩላሊቷ ለታመመ ድመት ይህ ዝምታ ከንክሻ ይከፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውኃዋን፣ ምግቧንና አሸዋዋን እሱን ሳታልፍ በምትደርስበት ቦታ አድርጉላት፣ ከፍ ያለ መውጫ መውረጃም ስጧት። ዳማ መገጣጠሚያዋ ስለሚያማት መደብ ላይ መዝለል አቅቷት ነበር፤ ሁለት ጡብ ደርበን ደረጃ ሠራንላት።

ወንድ ድመት ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። ጭንቀት የድመትን ፊኛ ያስቆጣል። በወንድ ላይ ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ይደፈናል። አሸዋው ላይ ደጋግሞ ይቀመጣል፣ ያምጣል፣ ይጮኻል፣ ብልቱን ይልሳል፣ ጠብታ አይወጣም። ሰው «ሆድ ድርቀት ነው» ብሎ ዘይት ይሰጠዋል። ሆድ ድርቀት አይደለም። ሽንት ያልወጣለት ድመት በአንድ በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። አዲስ ድመት ባስገባችሁ ሰሞን ነባሩ ወንድ እንዲህ ካደረገ ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ቀስቅሱ፤ እኔንም ቀስቅሱኝ። ይህንንም ለማወቅ የሚያስችላችሁ ሣጥኑ ለብቻው መሆኑ ነው።

ስለ ምግብ አንድ ነገር ካላልኩ እናቴ ትቆጣኛለች። ሁዳዴ ሲገባ በብዙ ቤት ድመት ሽሮ በእንጀራ ትበላለች። ሰው ይጾማል፤ ድመት መጾም አትችልም። ቶሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከሥጋ ካላገኘች ከጊዜ በኋላ ልቧ ይደክማል፣ ዓይኗ ይጠፋል። ጤነኛዋ አይጥ እያደነች የጎደለውን ትሞላለች። የታመመችው ግን አታድንም። ለዚህ ነው በአንድ ቤት፣ በአንድ ሽሮ፣ አንዷ ወፍራ ሌላዋ የምትከሳው። በሽሮው ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትም የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራል፤ ትንሽ ትንሹ እየተጠራቀመ። እናቴ ከቅበላ በፊት የበግ ልብና ሳንባ ቀቅላ፣ በትንንሹ አሥራ፣ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች። «ሽታው ጾሜን አይፈታውም» ትላለች። ለዳማ ደግሞ የተቀቀለ የእንቁላል ነጩን ትጨምርላታለች፤ አስኳሉን አይደለም፣ ፎስፈረሱ ያለው በአስኳሉ ነው፣ እሱም ለኩላሊት ጠላት ነው። ለኩላሊት ተብሎ የተዘጋጀውን ምግብ ማግኘት የቻለ ሰው ግን እሱን ያስቀድም።

ፓራሲታሞል ለድመት አትስጡ። ግማሽ ክኒንም ቢሆን። የድመት ጉበት ያንን መድኃኒት የሚያስወግድበት መንገድ የለውም፤ ደሟ ቡናማ ሆኖ አየር መሸከም ያቅተዋል። አዲሱ ነክሷት ያመማት መስሏችሁ፣ አዝናችሁ፣ በገዛ እጃችሁ ትገድሏታላችሁ።

«ታዲያ ለታመመች ድመት ጓደኛ ይሻላታል ወይስ አይሻላትም?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማምነውን እነግራችኋለሁ። ለራሷ ስትሉ አታምጡ። ድመት ብቸኝነቷን በእኛ ዓይን አታየውም፤ ሕመሟንም ሌላ ድመት አይካፈላትም። ለቤቱ፣ ለጎተራው፣ ለእናንተ ለራሳችሁ አስፈልጓችሁ ከሆነ ግን ማምጣታችሁ ነውር አይደለም። ክብደቷ በወር ውስጥ ያልወረደ፣ የምትበላና የማታስታውክ ከሆነች ጊዜው ነው። ሰሞኑን ከታመመች፣ መድኃኒት ከተቀየረላት፣ ወይም ሳትበላ ሁለት ቀን ካለፋት ጠብቁ፤ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ የተወች ድመት ጉበቷ በስብ ሊሞላ ይችላል፣ ያ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። የምታመጡትም የሦስት ወር ግልገል ባይሆን እመርጣለሁ። ግልገል መጫወት ይፈልጋል፣ በአሮጊቷ ጭራ ላይ ይዘላል። ዕድሜው ሦስት አራት ዓመት የሆነ፣ የሰከነ፣ የተኮላሸ ይሻላታል። ግልገል ብቻ ካገኛችሁ ሁለት ወንድማማች አምጡ፤ እርስ በርሳቸው ይጫወቱና እሷን ይተዋሉ።

ዳማ አሁን 16 ዓመቷ ነው። ክብደቷ 3 ኪሎ ከ400 ግራም ላይ ቆሟል። ዛጎል አይጡን ከጎተራው አስወጥቷል። አይላላሱም፣ ተቃቅፈው አይተኙም። ማታ ማታ እሷ እናቴ እግር ሥር፣ እሱ በሩ አጠገብ ይተኛሉ፤ ሁለቱም ከየሳህናቸው ይበላሉ። እናቴ ደብተር ይዛለች፤ ፊደል ያወቀችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ «ዳማ በላች» ብላ በየቀኑ ትጽፋለች። ትናንት የጻፈችውን አይቼ ነው የመጣሁት።

ሚዛኑን በሩ አጠገብ ሰቅዬዋለሁ። በዘንቢል ድመት ይዛችሁ የመጣችሁ አምስት ስድስት ሰዎች አይቻለሁ፤ ከእናንተ እንጀምር። ዘንቢሎቹን አታቀራርቡ፣ በላያቸው ላይ ጨርቅ ጣሉባቸው፣ የሚዛኑን ቁጥርም ዛሬውኑ ጻፉልኝ።